የሦስት በሬ ሒሳብ

ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ገንዘብ ቆጥሬ፣
በጡረታዬ ማግሥት ገዛሁ ሦስት በሬ።
ግቢዬ ከቄራ ጀርባ፣ በሁለት ፎቅ መካከል፣
ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ ብላ የምትከለል፤
ጣራውን ቆርቆሮ መታሁ፣ ግርግም በሲሚንቶ ሠራሁ፣
ባለ አምስት ዓምድ መዝገብ በቀይ ቀለም አሰመርሁ፤
መግዣ፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ መሸጫ ብዬ ከፈልሁ፣
"ትርፍ" የሚለውን ዓምድ በእርሳስ ብቻ ጻፍሁ።

አንዱ የሐረር ሰንጋ ነው፤ ቆዳው መስታወት፣ ሻኛው ተራራ፣
በጎተራ ሲያልፍ ሚኒባስ የቆመለት በተራ።
ዋጋ አልተከራከርኩም። ውበት የገዢን አፍ ይዘጋል።
ሁለተኛው ከቦረና፤ ቁመተ ሎጋ፣ እግረ ረጅም፣
ሣር እንጂ ገንዳ አያውቅም።
ሦስተኛውን ግን ማንም "ስንት ነው?" ብሎ አልጠየቀም፤
የሰላሌ የእርሻ በሬ፣ ማጅራቱን ቀንበር የላጠው፣
የጎድን አጥንቱ በጣት የሚቆጠር ላየው ሰው።
ደላላው ሸምሱ እንኳ አፍሮ ነበር ዋጋውን ሲነግረኝ፣
ከሁለቱ ጋር እንደ ምርቃት ገመዱን አቀበለኝ።

ባለቤቴ እማዋይሽ ከበር ቆማ ቆጠረች፤
"ሁለት በሬ አየሁ፤ ይሄ አግዳሚ ወንበር የማን ነው?" አለች።

የመኖ ዋጋ ጎረምሳ ነው፤ ማታ ያየኸው ጠዋት አድጎ ይገኛል፣
ፉርሽካው በኩንታል፣ ፋጉሎው በኪሎ፣ አተላው በጄሪካን ይመጣል፤
ጭዱ በአይሱዙ ከሱሉልታ ገብቶ፣ የኮብልስቶኑን መንገድ ሞልቶ፣
ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴ ሲያስነጥስ አመሸ፣ መስኮቱን ዘግቶ።

ሐረሬው በላ። በላ። በላ።
አልጨመረም አንድ ኪሎ የረባ ሌላ፤
ሞልቶ የመጣ እንስራ ቢቀዱበት ይፈሳል እንጂ አይሞላ።
ቦረናው ዐሥር ቀን ጾመ፤ ገንዳውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣
ድግስ ላይ ቦታ እንዳጣ ሽማግሌ ያኮርፋል።
እማዋይሽ አሞሌ ጨው በመዳፏ ባታስልሰው፣
"ና አንተ ኩሩ፣ እኔንም ይህ ከተማ አልዋጥ ብሎኝ ነበር" ባትለው፣
ያኔውኑ በቀይ ነበር ከመዝገቤ የምሰርዘው።

ያ የእርሻ በሬስ?
ያ አግዳሚ ወንበር?

የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛ። ዝም ብሎ ተኛ።
ማንም "ሂድ" እንዳላለው ሲያውቅ፣ ንጋት ላይ ጅራፍ እንዳልመጣ፣
ጆሮው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከዓይኑ ፍርሃት ወጣ።
ከዚያ መብላት ጀመረ። የሚያመሰኳው ዓመታትን ነበር፣
ያልጠገበባቸውን ክረምቶች፣ ለሰው ያረሰውን ምድር።
በወሩ ጎድኑ ተሸፈነ፤ በሁለት ወር ታፋው ሞላ፣
በሦስተኛው "ይሄን ከየት አመጣኸው?" አለኝ፣ ራሱ የሸጠልኝ ደላላ።

የፋሲካ ሳምንት ሦስቱም ሄዱ። ማታ በአምፖል ሒሳቤን ዘጋሁ፤
ሐረሬው አክስሮኛል፤ ለቁንጅናው የከፈልኩትን መልሼ አላገኘሁ።
ቦረናው እንደ ነበር ነው፤ መጣ፣ ሄደ፣ ጨው ላሰ፤
እበቱን የገዛኝ የቂርቆሱ ችግኝ ሻጭ ነው የውሃ ሒሳቤን የመለሰ።
በእርሳስ በጻፍኩት ዓምድ ሥር፣ በብዕር ያረፈው ቁጥር
የዚያ ማጅራተ መላጣ ነው፤ የሁለቱን የከፈለ ብድር።

"ጋሼ፣ ትርፍ በመግዣ ነው" አለኝ ሸምሱ፣ ምስጢር እንደ ነገረ ሰው፤
"ገበያ የናቀው አጥንት ላይ ነው ለሥጋ ቦታ ያለው።"
ልክ ነው። ግን በመዝገቤ ያልያዝኩት አንድ መኖ ነበር፣
በኩንታል የማይገዛ፣ ሚዛን የማያውቀው፦
የወረደ ቀንበር።

እማዋይሽ ትስቃለች። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አላላሁ፤
"ሠላሳ ሦስት ዓመት አርሰህ፣ ይኸው አንተም ወፈርህ" ስትለኝ ሰማሁ፤
እጄ ሳላዝዘው ማጅራቴን ዳሰሰ፤
ከውጭ፣ ከቄራ መንገድ፣ የሸምሱ ፉጨት ደረሰ፦
"ጋሼ፣ አለህ? ነገ ጠዋት የሰላሌ መኪና ይገባል!"
መዝገቤን ገለጥሁ። እርሳሴን ልቀርጽ አነሳሁ፤
ምላጩ ግን አልቆርጥ ብሏል።